ካሜራ ስንገዛ ጆሮውንም እንይ

በጥር የሠርግ፥ በሰኔና በሐምሌም የምረቃ ሰሞን በደረሰ ቁጥር በወጣት ሠራተኞችና በተማሪዎች መካከል አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም «ለቤታችን የሚሆን፥ ዋጋውም ከአቅማችን የማያልፍ የቪዲዮ ካሜራ የትኛው ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ወደ ሱቅ ገብቶ የጠየቀ ሰው ግን መልሱ ቀላል እንዳልሆነ ወዲያው ይረዳዋል። አንዱ ሻጭ ስለ ሥዕሉ ጥራት፥ ሁለተኛው ስለ ዙሙ ርቀት፥ ሦስተኛው ደግሞ በሣጥኑ ላይ በደማቅ ቀለም ስለ ተጻፈው ቁጥር ይነግረዋል። ገዢውም የሰማው ሁሉ ተደበላልቆበት፥ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እንደ ተባለው፥ ጎረቤቱ የገዛውን ገዝቶ ይወጣል።

ይህ ጽሑፍ ለማንም ሻጭ ለመሟገት ወይም አንዱን ፋብሪካ ከሌላው ለማስበለጥ የተጻፈ አይደለም። ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። የቤተ ሰብ ካሜራ የሚመረጠው ሩቅ በማየቱ አይደለም። ቅርብ ያለውን ሰው ድምፅ አጥርቶ በመስማቱ፥ በተፈለገ ጊዜ ከእጅ በመገኘቱ፥ የቀረጸውም ነገር ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተከፍቶ ሊታይ በመቻሉ ነው። ይህን ያላሰበ ገዢ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት ይሆናል። የሩቁን ተራራ አቀርባለሁ ሲል አጠገቡ የተቀመጡትን የእናቱን ድምፅ ያጣል።

የቤት ፊልም ከየት ተነሣ?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተራው ሰው ቤተ ሰቡን በተንቀሳቃሽ ሥዕል ማንሣት የጀመረው ቪዲዮ ሳይፈጠር ነው። ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1932 ስፋቱ 8 ሚሊሜትር የሆነ፥ ዋጋውም ለቤት የሚስማማ ፊልም አወጣ። በ1965 ደግሞ «ሱፐር 8» የተባለውን አስከተለ። አንዱ የሱፐር 8 ጥቅል 50 ጫማ ፊልም ይይዝ ነበር። በሴኮንድ 18 ሥዕል ሲነሣበት የሚያገለግለው ለ3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የዚያ ዘመን አባት ልጁ ስትድኽ ለማንሣት በተነሣ ጊዜ እያንዳንዱን ሴኮንድ እንደ ሳንቲም ይቆጥር ነበር።

ይህ ቁጠባ ያለበት ሥራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ከጃፓን ዘር የሚወለዱትን ነዋሪዎች ከቤታቸው አስወጥቶ በየበረሓው ባሠራው ሰፈር አስቀምጧቸው ነበር። ከነዚህም አንዱ ዴቭ ታትሱኖ የተባለ ነጋዴ በዩታ ክፍለ ሀገር በቶፓዝ ሰፈር ሳለ፥ በስውር በገባች የ8 ሚሊሜትር ካሜራ የሰፈሩን ኑሮ ቀረጸ። ያነሣው ታላላቅ ሰዎችን ወይም ታላላቅ ነገሮችን አልነበረም። በረዶው ሲወርድ፥ ሰው ከጸሎት ሲወጣ፥ ቤተ ሰቡ የዕለት ኑሮውን ሲኖር አነሣ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1996 ይህን የቤት ፊልም ሊጠበቁ ከሚገባቸው የአገሪቱ ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አስገባው። እንግዲህ ተራ የሚመስለው የቤት ቀን ነገ የታሪክ ምስክር ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ዳሩ ግን ያ ፊልም አንድ የሚጎድለው ነገር አለ። ድምፅ የለውም። ሰዎቹ ሲሥቁ ይታያሉ፤ ሣቃቸው ግን አይሰማም። የዛሬው ካሜራ፥ ርካሹም ቢሆን፥ ድምፅ ይቀርጻል። ብዙ ገዢዎች ግን ይህን ሀብት እንደ ትርፍ ነገር አድርገው ይመለከቱታል።

ካሴቱ በቁም ሣጥን

ከፊልም በኋላ የቪዲዮ ካሴት መጣ። ሶኒ በ1983 «ቤታሙቪ» የተባለውን፥ ካሜራውና መቅረጫው በአንድ አካል የተጣመሩበትን የትከሻ ካሜራ ለገበያ አቀረበ። ያ ካሜራ ይቀርጻል እንጂ የቀረጸውን መልሶ ማሳየት አይችልም ነበር። በ1989 ይኸው ኩባንያ ክብደቱ 790 ግራም የሆነ ካሜራ ሲያወጣ፥ መሣሪያው ከትከሻ ወርዶ ወደ መዳፍ ገባ። በ1995 ደግሞ ሚኒ ዲቪ የተባለችው ትንሽ ዲጂታል ካሴት ተከተለች።

በአገራችንም ሆነ በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት በቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የሠርግ ወይም የክርስትና ካሴት ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የተላከ ካሴት በማጫወቻው ውስጥ ገብቶ ሥዕሉ አልታይ ያለበትን ጊዜ የሚያስታውሱ ሰዎች አሉ። ምክንያቱም ቀላል ነው። የአሜሪካ ቴሌቪዥን በ525 መሥመርና በሴኮንድ 30 ያህል ሥዕል የሚሠራውን የኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. ሥርዓት ሲከተል፥ አገራችን በ625 መሥመርና በሴኮንድ 25 ሥዕል የሚሠራውን የፓል ሥርዓት ትከተል ነበር። ሁለቱንም የሚያነብ ማጫወቻ የሌለው ሰው የእኅቱን ሠርግ ይዞ ሳያይ ቀረ ማለት ነው።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ችግር መጥቷል። ካሴት ማለት የማግኔት ዱቄት በሙጫ የተለጠፈበት የፕላስቲክ ጥብጣብ ነው። ሙጫው በዓመታት ብዛት እርጥበት እየሳበ ይላላል፥ ሥዕሉም ይጠፋል። ካሴቱ ደኅና ሆኖ ቢቈይ እንኳ ማጫወቻው የለም። በዓለም የመጨረሻው የቪ.ኤች.ኤስ. ማጫወቻ ሠሪ መሆኑ የሚታወቀው ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሥራውን በ2016 አቁሟል። ዩኔስኮም በ2019፥ የማጫወቻ መሣሪያዎቹ በ2025 ገደማ ከአገልግሎት ውጭ እንደሚሆኑ በማሳሰብ፥ ካሴት ያለው ሁሉ ሳይመሽ እንዲያስገለብጥ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር።

ይህን ሁሉ ያመጣነው ለወሬ አይደለም። አዲስ ካሜራ የሚገዛ ወጣት «ይህ መሣሪያ የሚቀርጸውን ነገር ልጆቼ በምን ይከፍቱታል?» ብሎ ከመግዛቱ በፊት እንዲጠይቅ ነው።

በመጀመሪያስ ካሜራ ያስፈልጋልን?

እውነቱን እንናገር ከተባለ ለብዙ ሰው የተለየ የቪዲዮ ካሜራ አያስፈልገውም። በ2007 ገደማ «ፍሊፕ» የተባለች፥ በኪስ የምትገባና አንድ ቀይ ቁልፍ ብቻ የምትነካ ርካሽ ካሜራ በአሜሪካ ገበያ ገናና ሆና ነበር። ሲስኮ የተባለው ታላቅ ኩባንያ ሠሪዎቿን በ2009 በ590 ሚሊዮን ዶላር ገዛቸው። በ2011 ግን ሥራውን ዘጋው። በሰው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ያንኑ ሥራ መሥራት ጀምሮ ነበርና።

የካሜራ ዓይን ሴንሰር ይባላል። ብርሃን የሚገባበት መስኮት ነው ብለን ልናስበው እንችላለን፤ መስኮቱ በሰፋ መጠን ቤቱ ብርሃን ያገኛል። በርካሾቹ የቪዲዮ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሴንሰር ከምስር ፍሬ የሚበልጥ አይደለም። የብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮች ሴንሰር ግን ከዚህ ይሰፋል። ስለዚህ ማታ በአንድ አምፖል ብርሃን በሚጠጣ ቡና ላይ ደኅና ስልክ ከርካሽ ካሜራ የተሻለ ሥዕል ሊያወጣ ይችላል።

የሆነ ሆኖ ካሜራው የሚበልጥባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፥ ሌንሱ እውነተኛ ዙም አለው። ሁለተኛ፥ ባትሪው ሲያልቅ በሌላ ይለወጣል፤ ስለዚህ ከሙሽሮች መግቢያ እስከ መልስ ጭፈራ ድረስ ያገለግላል። ሦስተኛ፥ በመካከል ስልክ ተደውሎ ሥራውን አያቋርጠውም። አራተኛውና እኛ ከሁሉ የምናስበልጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ስልክ የአንድ ሰው ነው፤ ካሜራ ግን የቤት ነው። የስልኩ ባለቤት ወደ ሥራው ሲሄድ ስልኩ ከነሥዕሉ አብሮት ይሄዳል፤ ከጠፋም አብሮ ይጠፋል። በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን ካሜራ ግን እናትም ታናሽ ወንድምም ሊያነሡት ይችላሉ።

የፎቶግራፍ ካሜራም ቪዲዮ ይቀርጻል የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ የቆዩ የፎቶግራፍ ካሜራዎች ቪዲዮ ሲቀርጹ 29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ላይ ቀጥ ይላሉ። ይህም የሆነው የአውሮፓ የቀረጥ ደንብ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጸውን መሣሪያ በቪዲዮ ካሜራነት ይመድበው ስለ ነበርና ሠሪዎቹ ከፍ ያለውን ቀረጥ ለመሸሽ ስለ ፈለጉ ነው። የሽማግሌዎችን ምርቃት በሙሉ ለመቅረጽ ላሰበ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በሣጥኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች

ካሜራ ለመግዛት ቁርጥ ሐሳብ ያደረገ ሰው መጀመሪያ ከቁጥር ይጠበቅ። ስማቸው የማይታወቅ ፋብሪካዎች በሚልኳቸው ርካሽ ካሜራዎች ሣጥን ላይ «4ኬ»፥ «48 ሜጋፒክሰል»፥ «16 እጥፍ ዲጂታል ዙም» የሚል ጽሕፈት ይነበባል። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ሴንሰር አነስተኛ ይሆንና መሣሪያው ሥዕሉን በሒሳብ ጎትቶ ያሰፋዋል። አንዲት ኩባያ ቡና ላይ ውሃ ጨምሮ አራት ኩባያ ማድረግ ይቻላል፤ ቡናው ግን ያው አንድ ኩባያ ነው።

ዙምም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሌንሱ ራሱ እየተንቀሳቀሰ የሚያቀርበው ነው፤ ይህ ጥራቱን አይቀንስም። ሁለተኛው ዲጂታል የሚባለው ነው፤ ይህም ፎቶግራፍ በመቀስ ቆርጦ ማስፋት ማለት ነው። ገዢ መጠየቅ ያለበት ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው።

ለመመዘኛ የሚሆኑ ሦስት የታወቁ ካሜራዎችን እንጥቀስ። ሦስቱም ሲወጡ በአሜሪካ ገበያ ከ200 እስከ 300 ዶላር በሚደርስ ዋጋ የተሸጡ ናቸው፤ ዛሬ አዲሱ ቢጠፋ ያገለገለው ይፈለጋል። በ2015 የወጣው የሶኒ ኤች.ዲ.አር. ሲ.ኤክስ.405 በሌንሱ 30 እጥፍ ያቀርባል። የፓናሶኒክ ኤች.ሲ. ቪ.180 50 እጥፍ ያቀርባል። በ2017 የወጣው የካኖን ኤች.ኤፍ. አር.800 ደግሞ 32 እጥፍ ያቀርባል። ዙሙን ብቻ የሚያይ ሰው ፓናሶኒኩን ብድግ አድርጎ ይሄዳል።

ነገር ግን ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች እንጠይቅ። የመጀመሪያው «በጠባብ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ያሳያል?» የሚል ነው። የሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ይነገራል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ካሜራው ሰፊ ያያል። ሶኒው 26.8፥ ፓናሶኒኩም 28 ሲሆኑ፥ ካኖኑ 38.5 ነው። ኑሯችን ደግሞ በአብዛኛው በጠባብ ክፍል ነው። በሦስት በአራት ሜትር ሳሎን ውስጥ አሥር እንግዳ ተቀምጦ ሳለ፥ ካኖኑን የያዘ ሰው ጀርባውን ከግድግዳ ቢያስደግፍ እንኳ ዳርና ዳር የተቀመጡት ሊቀሩበት ይችላሉ። 50 እጥፍ የሚያቀርበው ዙም በዚህ ክፍል ውስጥ ምን ይረባል? ሁለተኛው ጥያቄ «የውጭ ማይክሮፎን መሰኪያ ቀዳዳ አለውን?» የሚል ነው። ሶኒውና ፓናሶኒኩ የላቸውም። ካኖኑ ግን የማይክሮፎንም የጆሮ ማዳመጫም መሰኪያ አለው።

እንግዲህ ርካሽ መሣሪያ ሁሉን አሟልቶ አይሰጥም። አንዱ ሰፊ ዓይን ይሰጥና ጆሮውን ይነፍጋል፤ ሁለተኛው ጆሮ ይሰጥና ዓይኑን ያጠባል። ገዢው በይበልጥ የሚቀርጸው ምን እንደ ሆነ ቀድሞ ያስብ። የልጆች ጨዋታና የበዓል ግርግር ከሆነ ሰፊውን ይያዝ። የአያቱን ታሪክ፥ የአባቱን ምክር፥ የሽማግሌዎችን ምርቃት ለማስቀረት ከሆነ ግን ጆሮ ያለውን ይምረጥ። ሁለቱን መቅረጽ ለሚፈልግና አንዱን ብቻ ለመግዛት ለሚገደድ ሰው የኛ ምርጫ ጆሮ ያለው ነው። ሰፊ ሥዕል ወደ ኋላ በመራመድ ወይም በሩን ከፍቶ ከደጅ በመቆም ሊገኝ ይችላል፤ ያልተሰማ ቃል ግን በምንም አይመለስም።

ዙም ድምፅን አያቀርብም

ይህን ነገር አጥብቀን የምንናገርበት ምክንያት አለን። ዙም ፊትን ያቀርባል እንጂ ድምፅን አያቀርብም። ከድምፁ ምንጭ ያለን ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰን የድምፅ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ከአምስት ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ የአያቱን ፊት በዙም ያቀረበ ሰው በሥዕሉ ላይ ጥርሳቸውን ሊቈጥር ይችል ይሆናል። ድምፃቸው ግን ከሬዲዮው፥ ከሕፃናቱ ጩኸትና በቆርቆሮው ጣራ ላይ ከሚወርደው ዝናብ ጋር ተደባልቆ ይቀራል።

መድኀኒቱ ውድ አይደለም። በልብስ ደረት ላይ የሚሰካ ባለ ሽቦ ማይክሮፎን ከካሜራው ዋጋ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚጠይቀው። መሰኪያ የሌለው ካሜራ ያለውም ሰው ተስፋ አይቁረጥ። የእጅ ስልኩን ድምፅ መቅረጫ ከፍቶ በተናጋሪው አጠገብ በጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ፤ ካሜራውንም ያስነሣ፤ ከዚያ በካሜራው ፊት አንድ ጊዜ እጁን ያጨብጭብ። በኋላ በኮምፒዩተር ላይ የጭብጨባውን ድምፅ ከጭብጨባው ሥዕል ጋር ካገጣጠመ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ሲኒማ ሠሪዎች በእንጨት ሰሌዳ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

የመብራቱ ምሥጢር

ከአሜሪካ በዘመድ እጅ ለሚመጣ ካሜራ አንድ ልዩ ማስጠንቀቂያ እንስጥ። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ሲመላለስ፥ የአሜሪካው 60 ጊዜ ይመላለሳል። በኛ አገር ብዙው መብራት፥ በተለይም ባለ ዘንጉ ነጭ መብራት፥ ለዓይናችን ሳይታወቅ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል ይደበዝዛል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ካሜራ በሴኮንድ 30 ወይም 60 ሥዕል ስለሚያነሣ ከመብራቱ ምት ጋር አይገጥምም፤ ሥዕሉም ይርገበገባል ወይም ጥቁር ጥላ እንደ ማዕበል ያልፍበታል። ካሴቱን ያላስታረቀው የፓልና የኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. ጠብ በዚህ መልክ እስከ ዛሬ አለ ማለት ነው።

ስለዚህ የሚቻል ከሆነ በሴኮንድ 25 ወይም 50 ሥዕል የሚያነሣውን፥ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራውን ዓይነት መግዛት ይሻላል። ሌላው ከመጣ ደግሞ የሹተሩን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ላይ ማድረግ ከቻለ ችግሩ ይቃለላል። በአንዳንድ ስልኮችም ማስተካከያ ውስጥ «ፓል» የሚል ምርጫ ይገኛል። ከሁሉ የሚበልጠውና ዋጋ የማይከፈልበት መብራት ግን የመስኮት ብርሃን ነው። የሚቀረጸው ሰው ፊቱን ወደ መስኮቱ ይመልስ፤ መስኮቱን በስተኋላው አድርጎ ከተቀመጠ ጥላ ሆኖ ይቀራል።

ገንዘቡ እንዴት ይከፈል?

«እንደ ቤትህ ኑር እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ይላል የአገራችን ሰው። ያለውን ገንዘብ ሁሉ ለካሜራው ብቻ የሚያወጣ ሰው በማግስቱ ካርድ አጥቶ ይቀመጣል። በኛ አስተያየት ገንዘቡ ከአሥር ቢከፈል ስድስቱ ለካሜራው፥ አራቱ ለማይክሮፎን፥ ለባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፥ ለካርድ፥ ለትርፍ ባትሪና ለማስቀመጫ ዲስክ ቢሆን ይበጃል።

የካርዱን መጠን በሒሳብ ማወቅ ይቻላል። በሴኮንድ 24 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 10.8 ጊጋባይት ይሞላል፤ ስለዚህ 32 ጊጋባይት ካርድ ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ይይዛል። በ50 ሜጋቢት ሲቀርጽ ግን ያው ካርድ አንድ ሰዓት ከ25 ደቂቃ ብቻ ያገለግላል። በገበያ ላይ 128 ተብሎ የተጻፈበት፥ ውስጡ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ የሐሰት ካርድ እንዳለም ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ ካርድ የገዛ ሰው ከሠርጉ ቀን በፊት ጫፉ ድረስ ሞልቶ፥ መጨረሻ ላይ የተቀረጸውን ከፍቶ ይይ።

ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ደግሞ አይቸኩል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና። በሱቁ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ቀርጾ በጆሮ ማዳመጫ ያድምጥ። ዙሙን ከዳር እስከ ዳር እየወሰደና እየመለሰ የመንኳኳት ድምፅ መኖሩን ያጣራ። ነጭ ግድግዳ ቀርጾ ነጥብ ወይም ጥላ ያለበት መሆኑን ይመልከት። ተጣጣፊውን መስታዎት ብዙ ጊዜ ከፍቶ ይዝጋ፤ ሥዕሉ ከጠፋና ከተመለሰ የውስጡ ሽቦ ደክሟል። ቻርጀሩ አብሮ መኖሩንም አይርሳ።

የካሴት ካሜራ በርካሽ አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ሰው ግን ይጠንቀቅ። የሚኒ ዲቪ ካሜራ ሥዕሉን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስተላልፈው ፋየርዋየር በተባለ መሰኪያ ነው፤ ይህም በዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች ላይ አይገኝም። እንዲህ ያለውን ካሜራ መግዛት የሚገባው በቤቱ ያሉትን አሮጌ ካሴቶች ለማስገልበጥ የሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ ከሆነ ግን መልካም ግዥ ነው።

መቅረጽና መጠበቅ

ካሜራው ተገዛ እንበል። ሥራው ገና መጀመሩ ነው። ሥዕል ያነሣ ሁሉ አስቀመጠ ማለት አይደለም። ከበዓሉ ማግሥት የካርዱን ይዘት ሁሉ፥ አንዱን ብቻ ሳይመርጡ ከነማኅደሩ፥ ወደ ዲስክ መገልበጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ተደርጎ በሌላ ቤት፥ በእኅት ወይም በወንድም ዘንድ ይቀመጥ። ሌባ ወይም እሳት አንዱን ቤት ቢያገኘው ሁለተኛው ይተርፋል። ዲስክም ዕድሜ አለውና በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ወደ አዲስ ይገልበጥ። የማኅደሩም ስም ቀኑን፥ ቦታውንና የሰዎቹን ስም የያዘ ይሁን። የልጅ ልጅ ከፍቶ ሲያይ «እኚህ ማን ናቸው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ላይኖር ይችላል።

ወደ ውጭ አገር ለዘመድ የሚልክ ሰው በቴሌግራም እንደ ተራ ቪዲዮ ከላከው ሥዕሉ ተጨምቆ ጥራቱ ይወርዳል። እንደ ፋይል ቢልከው ግን ሳይለወጥ ይደርሳል፤ ያለ ክፍያ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ አንድ ፋይል ይላካል። የተላከው ግን እንደ ተቀመጠ አይቈጠር። መልእክት ማድረሻ ሌላ፥ ጎተራ ሌላ ነው።

ስለ አቀራረጹም ጥቂት ቃል እንጨምር። ካሜራውን በማቆሚያው ላይ አስቀምጦ፥ አንዱን ነገር ቢያንስ እስከ አሥር እየቈጠሩ ሳያንቀሳቅሱ ማየት ይገባል። ወዲያና ወዲህ የሚወራጭ ካሜራ ያዞራል እንጂ አያሳይም። ከመቅረጽም በፊት ፈቃድ መጠየቅ የጨዋነት ምልክት ነው፤ በተለይ በኀዘን ቤትና በሕመምተኛ ዘንድ። ሽማግሌ ሲጠየቁ ደግሞ «ስለ ሕይወትዎ ይንገሩን» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያናግራቸውም። «ስምዎን ማን አወጣልዎ? ከተማ መጀመሪያ የገቡበት ቀን እንዴት ነበር? ይህን ወጥ ማን አስተማርዎ?» ቢባሉ ግን ቃሉ እንደ ምንጭ ይፈልቃል።

ሠርጉን ሁሉም ይቀርጸዋል፤ ባለሙያም ተቀጥሮ ይቀርጸዋል። የሚቀረው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። እናት ሽሮ እያማሰሉ ለብቻቸው የሚያንጐራጉሩት፥ አባት ጋዜጣውን አጥፈው ከጎረቤት ጋር የሚከራከሩት፥ አያት የልጅ ልጃቸውን በቁልምጫ ስም የሚጠሩት በዚህ ቀን ነው። ለዚህ ቀን ባለሙያ አይቀጠርም። ስለዚህ ነው ለቤት የሚገዛ ካሜራ በመደርደሪያ ላይ ባትሪው ሞልቶ፥ ካርዱ ገብቶ መገኘት አለበት የምንለው። በሣጥኑ ተዘግቶ ቀን የሚጠብቅ ውድ ካሜራ ከሌለ ይቈጠራል።

ስለዚህ በያዝነው ዓመት ካሜራ ለመግዛት ገንዘብ የሚያጠራቅም ተማሪ ወይም ወጣት ሠራተኛ ቢኖር፥ ገንዘቡ እስኪሞላ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅ። ዛሬ በኪሱ ያለውን ስልክ በጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ፤ ሬዲዮውን ይዝጋ፤ ከቤቱ በዕድሜ የሚበልጡትን ሰው ፈቃዳቸውን ይጠይቅና አንድ ጥያቄ ያቅርብላቸው። ካሜራ በሚቀጥለው ወርም በሚቀጥለው ዓመትም ይገኛል። የዚያ ሰው ድምፅ ግን በሱቅ አይገዛም።